ከሁለት ያጣ ዘመናዊነት

ባለሥልጣኖቻችን ዘመናዊነትን መስበክ ይቀናቸዋል። ንጉሡ «ሥልጣኔ» ሲሉት የኖሩትን ደርግ «አብዮት» አለው፤ ኢሕአዴግ «ልማት» ብሎ ተረከበ፤ ዛሬ ደግሞ «ብልጽግና» ሆኗል። ስሙ ይቀያየር እንጂ ቃሉ አንድ ነው፤ የድሮውን ጣሉት፣ የተሻለ እንሰጣችኋለን! እስቲ መካነ ሰላም ወርዶ፣ ወግዲና ሳይንት ዘልቆ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለውን የወሎ ቦረና ገበሬ «የጣልከውን አየን፤ የተሰጠህስ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

ጥያቄው የመሸታ ቤት ወሬ አይደለም። የማኅበራዊ ኑሮ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ቶኒስ እ.ኤ.አ. በ1887 ሰው በዝምድናና በጉርብትና ከሚተሳሰርበት ኑሮ ወጥቶ፣ በውልና በጥቅም ወደሚገናኝበት ኑሮ እየተሻገረ መሆኑን ጻፈ። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም በ1893 ድሮ ሰውን ያስተሳሰረው መመሳሰሉ ነበር፣ አሁን ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው አለ። ስለ እኛም አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ሄዶ አጥንቶ፣ በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ከወጉም ከዘመናዊውም የሚበጀውን አመዛዝኖ መያዝ ይሻላል ብሎ ነበር። የሰማው ግን የለም።

የኋለኞቹ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። ኡልሪክ ቤክ በ1986 የዘመኑ ጭንቅ ሀብትን መከፋፈል ብቻ ሳይሆን ሰው ሠራሽ አደጋን መከፋፈል ሆኗል አለ። አንተኒ ጊደንስ በ1990 የዛሬ ሰው ፊቱን አይቶት የማያውቀውን አሠራር፣ ባንኩን፣ ስልኩን፣ መድኃኒቱን፣ አምኖ ለመኖር የተገደደ ነው ሲል ጻፈ።

ይኼን ወደ ቦረና እናምጣው። እዚያ አገር መድን ማለት ደቦና ወንፈል፣ ቅሬና ሽምግልና ነበር። አዝመራ ሲደርስ ጎረቤት ይወጣል፤ ሰው ሲሞት ቅሬው ይቀብራል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለቅሶም ሠርግም ይጋራሉ። መቼስ ይህ ሁሉ ገነት ነበር አንልም። ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በንቀት ያገለለ፣ ልጅ ሳትጎለምስ የዳረ ወግ ነው። ሴት ልጅ እንድትማር፣ ድሃ በሕግ ፊት ባለመብት እንዲሆን ዘመናዊነት ያስፈልገናል። ጥያቄያችን የመጣው የቱ ዘመናዊነት ነው የሚል ነው።

የመጣውማ አደጋው ነው! ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ጣራ ነካ። በ2015 ዓ.ም. የዐማራ ክልል ገበሬ ጭራሹኑ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ ባሕር ዳር ድረስ አቤት አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ጦሱ እስከ ገበሬው ጓዳ ዘለቀ። ልጁ በደላላ ተመርቶ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ይተማል፤ በ2006 ዓ.ም. ከዚያች አገር የተባረሩት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። ከክረምት 2015 ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በግጭት ሲታመስ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ጊደንስ እመኑት ያለው ስልክ በአንድ ትእዛዝ ጠፋ ማለት ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ቤክ የጻፈው ደመወዝ፣ ጡረታና የጤና መድን ላለው ጀርመናዊ ነው። ያ ሰው ከዘመድ ቢለይ መንግሥት ይደግፈዋል። የእኛ ሰው ግን ቅሬው ሲዳከም የሚይዘው የለውም። የጤና መድን ካርድ ያወጣው «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» ይባላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ!

ይኼ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሁሉም አገዛዝ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ከላይ ጀመረ። ደርግ ዘምቶ አስተማረ፣ በ1977ቱ ረሀብ ደግሞ ወሎዬውን እየጫነ አሰፈረ። ኢሕአዴግ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ ሰፊ አካባቢ «ቢሮክራት» እያለ መሬት ነጠቀ፤ ቆይቶም ጉርብትናን «አንድ ለአምስት» ብሎ የካድሬ መረብ አደረገው። ጎረቤቱን በሪፖርት ጸሐፊነት የሚጠረጥር ሰው እንዴት ብሎ ደቦ ይውጣ?

ወግ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ራሱ ዘመናዊው ተቋም መስክሯል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተበላሽቶ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ሲወጣበት፣ ባንኩ የወሰዱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። ኮምፒዩተሩ ሲከዳው በይሉኝታ ተማጸነ ማለት ነው። ይሉኝታው ደግሞ የተገኘው ሲናቅ ከኖረው ከዚያው ከሠፈርና ከቅሬ ነው።

እንግዲህ የምንለው ይኼን ነው። ቅሬና ሽምግልና ከካድሬ እጅ ይውጡ፤ በራሳቸው ዳኛ ይተዳደሩ። የማዳበሪያ ዋጋና መጠን ከዘር ወቅት በፊት ይነገር፤ ሳይደርስ ሲቀር የሚጠየቅ ሹም ይኑር። የጤና መድን ካርድ የሚሰጥ መንግሥት መድኃኒቱንም ያቅርብ። መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም የፈረንጁን ንድፈ ሐሳብ ለፈተና ብቻ ከማስሸምደድ ወጥቶ፣ በደጁ ያለውን ገበሬ ኑሮ ይመርምርበት። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ይውረድ፤ ተኩስ ባለበት ቅሬም መድንም አይሠራም። ይህ ሳይሆን የሚሰበክ ዘመናዊነት ለቦረናው ገበሬ አዲስ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ደግሞ እየከፈሉ ያሉት የመን በረሃ ላይ የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው።