ሬዲዮ ዲጂታል ይሁን? ይሁን፤ አናሎጉ ግን አይዘጋ

የዛሬው ርዕሳችን ከሰሞኑ የፖለቲካ ግርግር ወጣ ያለ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እስቲ መኪናችሁ ውስጥ ስትገቡ ሬዲዮውን ክፈቱና "ኤኤም" የሚለውን ፈልጉት። አሮጌ ቶዮታ የምትነዱ ወዲያው ታገኙታላችሁ። አዲስ ቴስላ የገዛችሁ ግን ብትፈልጉም የለም። ፎርድም በ2023 ከአዳዲስ መኪኖቹ ላይ ኤኤምን ሊያስቀር አስቦ፣ ተቃውሞው ሲበረታበት በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ሐሳቡን ቀይሯል። በዚያው ወር የኛው የቴክሳሱ ሴናተር ቴድ ክሩዝና የማሳቹሴትሱ ኤድ ማርኪ፣ አንዱ ሪፐብሊካን አንዱ ዴሞክራት፣ ማንኛውም አዲስ መኪና ኤኤም እንዲኖረው የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ይዘው ቀርበዋል። ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ብዙ አይደለምና ይሄ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ክርክር ጀርባ ያለው ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ይግቡ ወይስ አይግቡ? እኛን የዳላስና የፎርትዎርዝ ነዋሪዎችንስ ምን አገባን?

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። አሜሪካ ውስጥ ዲጂታል ሬዲዮ ማለት በአብዛኛው "ኤችዲ ሬዲዮ" የሚባለው ነው። የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ፣ በ2002 ፈቅዶታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጣቢያው በያዘው በዚያው ሞገድ ላይ የድሮውን አናሎግና አዲሱን ዲጂታል ጎን ለጎን ያስተላልፋል። ዲጂታሉን የሚይዝ ሬዲዮ ያለው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፣ የሌለው ደግሞ እንደ ድሮው ይሰማል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም።

በኦክቶበር 2020 ግን ኤፍሲሲ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። የኤኤም ጣቢያዎች ከፈለጉ አናሎጉን ጨርሰው ዘግተው ሙሉ በሙሉ ዲጂታል መሆን ይችላሉ አለ። ግዴታ አይደለም፣ ምርጫ ነው። ከዚያ በፊት በ2018፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው በፍሬድሪክ ሜሪላንድ፣ አንድ ጣቢያ በልዩ ፈቃድ ሞክሮት ነበር። የዚያ ጣቢያ ቁጥር 820 ነው። እዚህ ፎርትዎርዝ ያለው ደብሊውቢኤፒም 820 ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ታሪካቸው ግን ለየቅል። ደብሊውቢኤፒ ከ1922 ጀምሮ የሚሠራ፣ 50,000 ዋት ጉልበት ያለው፣ ሌሊት ሌሊት ከቴክሳስ አልፎ ብዙ ስቴት የሚደርስ ጣቢያ ነው። ከ1969 ጀምሮ ቢል ማክ የሚባለው ታዋቂ አቅራቢ ሌሊቱን ሙሉ ከትራክ ሾፌሮች ጋር ያወጋ የነበረው በዚሁ ሞገድ ነው። ዛሬ ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን ስንት እንደሆኑ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም። ሬዲዮ ሌሊት መንገድ ላይ ላለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ያውቁታል።

የዲጂታሉን ጥቅም አንክድም። ለኛ ለስደተኞች ዋናው ጥቅሙ የድምፁ ጥራት አይደለም፤ ቦታው ነው። አንድ የኤፍኤም ጣቢያ ዲጂታል ሲሆን በአንዱ ሞገዱ ላይ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ቻናሎችን መጫን ይችላል። ማኅበረሰባችን በሬዲዮ የሚደመጠው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከአንድ ጣቢያ ላይ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተለምኖ ወይም ተከራይቶ፣ ያውም ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ተጨማሪ ቻናል ማለት ቀኑን ሙሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የማስተላለፍ ዕድል ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ የአናሎግ ድምፅ ሲርቅ ይንሿሿል እንጂ አይጠፋም፤ ጆሮህን ቀስረህ ፍሬ ነገሩን ትይዛለህ። ዲጂታል ግን ወይ አለ ወይ የለም። ዋናው ቻናል ሲጠፋ ሬዲዮው ራሱ ወደ አናሎጉ ይመለሳል፤ ተጨማሪዎቹ ቻናሎች ግን መመለሻ የላቸውም፣ ጸጥ ነው። ሁለተኛ፣ ኤኤም ሙሉ ዲጂታል ከሆነ፣ እማማ ከአልጋቸው አጠገብ ያስቀመጧት ባለ ባትሪ ሬዲዮ በዚያ ጣቢያ ላይ ጩኸት ብቻ ነው የምታሰማቸው።

"አይ፣ አሁን ማን ሬዲዮ ይሰማል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው" የምትሉን ትኖራላችሁ። እኛ ራሳችን በኢንተርኔት የምንሠራ ሰዎች ነንና ይሄ ቢባል ደስ ባለን ነበር። ግን ሁለት ቀኖችን እናስታውስ።

ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ የፈረንጆች ገና ማግስት ምሽት ላይ፣ ጋርላንድንና ሮውሌትን ቶርኔዶ መታቸው። 10 ሰው ሞተ። ከሞቱት አብዛኞቹ ቤታቸው አልነበሩም፤ ሃይዌይ 30 ከጆርጅ ቡሽ የክፍያ መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ መኪና ውስጥ ነበሩ። ያ መንገድ ስንቶቻችን በየቀኑ የምንመላለስበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 2021 ነው። በዚያ ብርድ በመላው ቴክሳስ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። ስቴቱ ራሱ ባመነው ቁጥር 246 ሰው ሞተ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ ጠፋ፣ ቀጥሎ የስልኩ ባትሪ አለቀ። እኛም ውጭ የቆመ መኪና ውስጥ ገብተን፣ በአንድ ገመድ ስልክ እየሞላን በሌላው ጆሯችን ሬዲዮ ስንሰማ ነበር። የሰማነው ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ሳምንት በሂዩስተን በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ከሞቱት መካከል የኛው ወገኖች ነበሩበት። "ለመሞቅ ብላችሁ ጋራዥ ውስጥ መኪና አታስነሱ፣ ከሰልም ቤት ውስጥ አታያይዙ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ በሰዓቱ፣ በየቤቱ ቢደርስ ስንት ሰው ያድን እንደነበር አስቡት። በከሰል ቤት ማሞቅ ካደግንበት አገር ለመጣን ሰዎች ይሄ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

አገር ቤት ያለው ታሪክም የሚያስተምረን ይሄንኑ ነው። ኢንተርኔት በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል። በጁን 2020 መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ለሳምንታት ተዘግቷል። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ላይ ተዘግቷል። በኦገስት 2023 አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። ያን ጊዜ ሰው የተመለሰው ወደ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮም ቢሆን አይነካም ማለት አይደለም። በ2010 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ሲታፈን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር እስከማመሳሰል ደርሰው ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በማርች 2025፣ ያንኑ ጣቢያ ጸጥ ያሰኘው አፋኝ ሳይሆን የራሱ ባለቤት፣ ከዋሽንግተን የወጣ ውሳኔ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰው፣ መንገዱ የተዘጋ ቀን እንደሚቀር ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮስ? ኖርዌይ በ2017 ብሔራዊ የኤፍኤም ስርጭቷን አቁማ ዲጂታል ገብታለች፤ ትናንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች ግን በኤፍኤም እንዲቀጥሉ ፈቅዳለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ የሕዝብ ማሰራጫው በ2024 መጨረሻ ኤፍኤምን ዘግቷል። እዚህ አሜሪካም በጁን 2009 አናሎግ ቴሌቪዥን ሲዘጋ፣ መንግሥት ለመቀየሪያ መሣሪያው በየቤቱ የ40 ዶላር ኩፖን እስከ ሁለት ይሰጥ ነበር። ለሬዲዮ ግን እንዲህ ያለ ኩፖን የለም። ወጪው በአድማጩ ትከሻ ላይ ነው፤ እሱም መኪና ሲቀይር ብቻ ነው ሬዲዮ የሚቀይረው።

እንግዲህ አቋማችን ይሄ ነው። ዲጂታሉ ይጨመር፣ አናሎጉ አይዘጋ። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ቴክኖሎጂውም የተሠራው እንደዚያ ነው። ሙሉ ዲጂታል መግባት ምርጫ ሆኖ ይቆይ፤ በተለይ እንደ ደብሊውቢኤፒ ያሉ ሩቅ የሚደርሱ ጣቢያዎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከክርክሩ ባሻገር ደግሞ የቤት ሥራ አለብን። ኤፍሲሲ ለትርፍ ላልቆሙ ማኅበራት የሚሰጠው አነስተኛ የኤፍኤም ፈቃድ አለ። ጉልበቱ እስከ 100 ዋት፣ የሚደርሰውም በግምት ሦስት ማይል ተኩል ዙሪያ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንድ የጋርላንድ ሰፈርን ይሸፍናል። ማመልከቻው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በ2013 ተከፍቶ ነበር፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር 2023 አሥር ዓመት ተጠበቀ። እንደ ዳላስ ባለ በተጨናነቀ ከተማ ባዶ ሞገድ ማግኘትም ከባድ ነው። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ወረቀታችንን አዘጋጅተን መገኘት አለብን። ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተነጋግረው፣ እስከዚያው ካሉት ጣቢያዎች ጋር ቢያንስ የአደጋ ጊዜ መልእክት በቋንቋችን የሚተላለፍበትን መንገድ ይስማሙ። ይሄ ገንዘብ ብዙም አይጠይቅም፤ ስልክ መደወል ነው የሚጠይቀው።

እስከዚያው ግን ነገ ወደ ሱቅ ስትወጡ አንድ ባለ ባትሪ ሬዲዮ ግዙ። ለወላጆቻችሁም ጨምሩ። የሚቀጥለው ማዕበል ሲመጣ የኛን ቪዲዮ የምትከፍቱበት ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። እናንተ ምን ትላላችሁ? ያን የ2021ን ብርድ እንዴት እንዳሳለፋችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ፕሮግራማችን እናነበዋለን። ቸር ያሰማን።