ጎድን እንዲለሰልስ

ባለፈው ቅዳሜ ለእንግዶች የበሬ ጎድን በከሰል ጠበስኩ። ውጪው አረረ፤ ውስጡ ግን አልታኘክ አለ። እንግዶቹ «ይጣፍጣል» አሉ፤ ባለቤቴ ግን ቢላዋ ፈለገ!

ውድ እኅቶች፣ ጥፋቱ የሥጋው ሳይሆን የጥድፊያዬ ነበር። ጎድን ጅማት ይበዛበታል። ጅማት ደግሞ በኃይለኛ እሳት ይኮማተራል እንጂ አይላላም፤ የሚቀልጠው ተከድኖ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ፣ በቀስታ ሲበስል ነው።

ስለዚህ በአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን በቢላዋ ጫፍ አንሥታችሁ፣ በጨርቅ ይዛችሁ ላጡት። በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ፣ በፎይል አጥብቃችሁ ሸፍናችሁ፣ በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ3 ሰዓት ያህል ተዉት። የበግ ከሆነ ለ2 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ኦቨን የሌላት እኅት በወፍራም ድስት ከድና በለዘበ እሳት ታብስለው፤ ውሃው እንዳያልቅ ብቻ ትጠንቀቅ። ሹካ ያለ ትግል ከገባበት ደርሷል።

አዋዜና ማር የሚቀባው በመጨረሻ ነው፤ ማር ቶሎ ያርራልና። ከዚያ ከሰል ላይ ጥቂት ደቂቃ ማገላበጥ ይበቃል። እንግዳ ከዘገየ አትጨነቁ፤ እንደተሸፈነ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ ቀቡት የምትሉት ሲመጣ ብቻ ነው።