ሰንጢ ሲገዛ መቆለፊያው ይታይ

ውድ ሰንጢ በአብዛኛው የሚሸጠው በብረቱ ስም ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አይገርመኝም። ለከባድ ሥራ ግን መጀመሪያ መቆለፊያውን እዩ፤ ስለቱ ድንገት ከታጠፈ የሚያርፈው ጣት ላይ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ክሪስ ሪቭ የነደፈው «ሰበንዛ» ስሙ በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። የታይታኒየም እጀታው አንዱ ጎን ራሱ ስለቱን ከኋላ ደግፎ ይቆልፈዋል። በቀላሉ ተፈታትቶ ይጸዳል፣ ያምራልም፤ ዋጋው ግን በመቶዎች ዶላር ነው። ሲታጠፍ ደግሞ አውራ ጣት የስለቱ መንገድ ላይ ይቆያል፤ ለጎረምሳ ልጅ ይህን አልሰጥም።

የኮልድ ስቲል ሰንጢዎች ላይ ያለው ትራይ-አድ መቆለፊያ የሚለቀቀው የእጀታውን ጀርባ በመጫን ነው። አንድሩ ዴምኮ በስለቱና በመቆለፊያው መካከል ፒን ስለጨመረበት ጫናውን የሚሸከመው ፒኑ ነው። ብዙዎቹ ከሰበንዛ በእጅጉ ይረክሳሉ። ካምፕ ወጥቶ ቅርንጫፍ ለሚቆርጥ አባወራ ይህን እመርጣለሁ። ሰበንዛው ቤት ካርቶን ይክፈት።