ልብ ወለድና የመደርደሪያው ሕግ

ልብ ወለድ በአንባቢው ዕድሜ ተመትሮ ይታደል የሚለው አስተያየት በመምህራን ስብሰባም ሆነ በመጻሕፍት ውይይት ላይ ሲደጋገም ይሰማል። ለሕፃን ተረት፣ ለወጣት ምክር፣ ለአዋቂ ደግሞ ፍቅርና ሞት። ድልድሉን ሲያዩት ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ከአንባቢው ኑሮ ሳይሆን ከመደርደሪያው አናጢ የተቀዳ ሆኖ ይገኛል።

ይህ አስተያየት በጎንደር ሲነገር ይበልጡን ያስገርማል። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት። በዚያ ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት ደግሞ የጠላት ዛቻ፣ የክህደት፣ የደምና የለቅሶ መጽሐፍ ነው። ገና ጢም ያላወጣው ተማሪ ቅኔ ቤት ገብቶ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ ይውላል። ለዕድሜው ይከብደዋል ብሎ የመለሰው የኔታ አልተሰማም። በዳባትና በጃናሞራ ደጋም ብርዱ ቤተሰቡን ሁሉ ወደ ምድጃው ሲሰበስብ፣ ጅቡ የሚበላው፣ እንጀራ እናቲቱም የምትበድለው ሽማግሌውና እረኛው እኩል እየሰሙ ነው። ሽማግሌው በአንዱ ቦታ ይስቃል፣ ልጁ በሌላው፤ ተረቱ ግን አንድ ነው።

የዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የልጆች መጽሐፍ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ባለበት ቤት ልጁን ከአዋቂው የሚለይ መጋረጃ አልተዘረጋም። በልጅነቱ ለእግዚአብሔር የተሳለውን በዛብህን ሕፃኑ በልኩ፣ ጎረምሳው በልኩ ተረዳው፤ ጉዱ ካሣን ደግሞ ኑሮ የመረረው ተረዳው። የአንባቢ አስተያየት ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል?

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረው ገበሬ ድልድሉን ከሌላ ወገን ያፈርሰዋል። በንባቡ ጀማሪ ነው፤ በኑሮው ግን ልጅ የዳረ፣ ወላጅ የቀበረ ሰው ነው። በየትኛው መደርደሪያ ፊት ይቁም? ቃሉን አቅልሎ ሐሳቡን የማያቀል ደራሲ ነበር የሚያሻው፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ያኔም ብርቅ ነበር፣ ዛሬም ብርቅ ነው።

ከሁሉ የተጎዳው ግን ወጣቱ ነው። ሕፃኑ ይነስም ይብዛ የተረት መጻሕፍት አሉት፤ ተስፋዬ ሣህሉም፣ ሁሉም አባባ ተስፋዬ የሚላቸው፣ በቴሌቪዥን ለአሠርት ዓመታት ተረት ነግረውለታል። አዋቂው በዓሉ ግርማም፣ ብርሃኑ ዘሪሁንም አሉት። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ግን ከተረቱ ወጥቶ ከልብ ወለዱ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለእርሱ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስብከት ነው፦ ሰነፉ ይወድቃል፣ ትጉው ይሸለማል፣ ያልታዘዘችው ልጅ ትጸጸታለች። ገጸ ባሕርያቱ ሥጋና ደም የላቸውም፤ አንባቢው ከሦስተኛው ገጽ ላይ ፍጻሜውን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ «ወጣቱ አያነብም» ተብሎ ይከሰሳል! የሲድኒ ሼልደንን ትርጉሞች እየተዋሰ፣ በደብተር ሥር እየደበቀ ያነበበው ታዲያ ማን ነበር?

ሞትና ጦርነት ከወጣት መጽሐፍ ይራቁ የሚሉም አሉ። ለመሆኑ ከማን ነው የሚያርቁት? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ በዚያ የነበረው ልጅ ሞትን ከመጽሐፍ አልተማረም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የከረመውም እንዲሁ። ያየውን ነገር መልክ ሰጥቶ የሚያሳየው ልብ ወለድ ሲጠብቅ፣ የጥንቸሏን ብልጠት የሚያወድስ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ይህን ጥበቃ ብለው የሚጠሩት ልጁ ያየውን መስማት የፈሩ አዋቂዎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ሁሉ ነገር ለሁሉ ዕድሜ አይነገርም፤ ጭካኔን ለመሸጫ የሚዘረዝር ጽሑፍ ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም አይበጅም። ይህ ግን የደራሲ ጨዋነት ጉዳይ እንጂ የልደት ዘመን ጉዳይ አይደለም።

ደግሞስ ጎንደር ለወጣት ልብ ወለድ ምን ጭብጥ አጣች? ካሣ ኃይሉ በልጅነቱ ይማርበት የነበረው ገዳም ሲወረር ከእልቂቱ እንዳመለጠ ይነገራል፤ ይህን ታሪክ የአገሬው ልጅ ከአያቱ ይሰማዋል። ቴዎድሮስን በ«የቴዎድሮስ እንባ» ያነሣው ብርሃኑ ዘሪሁንም እዚያው ጎንደር የተወለደ ነው። ያን የገዳም ተማሪ ለእኩዮቹ የሚጽፍላቸው ደራሲ ግን ገና ይጠበቃል።

እስከዚያው ድረስ በየሽፋኑ ላይ ዕድሜ ለማተም የሚጣደፉ አሳታሚዎችና መምህራን አንድ ምዕራፍ ይዘው ዘጠነኛ ክፍል ይግቡ። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ልጆቹ የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ ጸጥ እንዳሉ፣ የት ላይ መስኮቱን ማየት እንደጀመሩ ይመዝግቡ።