ብስክሌትዎ በክረምት እንዳይዝግ

ብረት የሚዝገው ውኃና አየር ሲያገኝ ነው። ዝገቱ እርጥበት ስለሚያሳልፍም እንደ አራጣ ዕዳ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ያድጋል።

ስለዚህ ከዝናብ ሲገቡ ብስክሌትዎን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ሰንሰለቱንም ቀጭን ዘይት ይቀቡ። ዘይቱ ቸርኬውን ከነካ ፍሬኑ አይዝምና ይጠንቀቁ።

የመሪው ክሮም የዝገት ነጠብጣብ ካወጣ፣ ውኃ በነካ የአልሙኒየም ወረቀት ይሹት። የዛገ ብሎን ቢኖር ፈትተው በኮምጣጤ ውስጥ ያሳድሩት። በማግሥቱ በብሩሽ ፈትገው፣ በውኃ አለቅልቀውና አድርቀው ዘይት ይቀቡት፤ አለዚያ የቀረው ኮምጣጤ መልሶ ያዝገዋል።

የፍሬን ሽቦ ግን ከዛገ መድኃኒት የለውም፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉና ቁልቁለት ላይ ሳይከዳዎ ይለውጡት። የሽቦ ዋጋ ከወጌሻ ዋጋ ያንሳል።