«ባሌ ለሰማይ ብሎ ጫካ ያድራል»

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሁለተኛው ላይ ሳቄ ጠፋ።

ጸሐፊዋ ያለችው ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜዎ ከተማ ነው። ባሏ ዘንድ ከሄደች ገና ዓመቷ ነው። ነገሩን በራሷ አንደበት አሳጥሬ ላቅርበው።

«ባሌ የሰሜን ብርሃን የሚባለውን ካላሳየሁሽ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ማታ ከሥራ ገብቶ ራት ከበላን በኋላ በመኪና ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር አውጥቶ ጫካ ዳር ያቆመኛል። የሚመርጠው ደግሞ ብርዱ የሚብስበትንና ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ነው። ስልኬን ስከፍት ‹አጥፊው!› ይለኛል። አራት ጊዜ ሄደን አንዴ ብቻ ነጣ ያለ፣ ጭስ የመሰለ ነገር አየሁ። እሱ በስልኩ ያነሳው ግን አረንጓዴ ነው። አምስተኛው ላይ እምቢ አልኩ። አሁን ብቻውን እየሄደ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል። ጓደኛዬ ‹ለሰማይ ብሎ ጫካ የሚያድር ወንድ የለም፤ ሴት አለችው› አለችኝ። ሻንጣዬን ልሸክፍ?»

እህቴ፣ ሻንጣውን አልጋ ሥር መልሺው። የዘረዘርሻቸው ምልክቶች በሙሉ ለባልሽ ይመሰክሩለታል።

ብርዱን የሚመርጠው ወዶ አይደለም። ብርሃኑ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚመጡ ብናኞች ከአየራችን ጋር ሲጋጩ ነው፤ ያውም ከምድር 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ። ደመና ካለ ከደመናው በላይ ቀርቶብሽ ማለት ነው። ሰማይ ጥርት ያለበት የክረምት ሌሊት ደግሞ ብርዱ የከፋ ነው፤ ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነውና። ጨረቃዋም ሙሉ ስትሆን ደካማውን ብርሃን ትውጠዋለች። ስልኩንስ? ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ስልክሽን ከከፈትሽ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ።

አረንጓዴውም ውሸት አይደለም። ብርሃኑ ሲደክም የሰው ዓይን በጨለማ ቀለም አይለይምና ግራጫ ያየዋል። ካሜራው ግን ጥቂት ሰከንድ ብርሃን ያጠራቅማል። ያየሽው ጭስ እሱ ራሱ ነበር! እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ በዓይኔ አላየሁትም። ግን ሠፈራችን መብራት ሲጠፋ ያ ሁሉ ኮከብ ከየት መጣ እያልኩ ደጅ እቆማለሁ። ባልሽም 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳው መብራት ሽሽት ነው።

ለጓደኛሽ አንድ ማጣሪያ ልስጣት። ሰማዩ በደመና ተዘግቶ፣ በረዶ እየጣለ «ብርሃን ላይ» ብሎ ከወጣ፣ ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

ሳቄን ያጠፋው ሌላ ነው። ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ እንደ ዋዛ የጣልሻት ነገር አለች። አዲስ አበባ ሳለሽ በስልክ «እስክትመጪ ብቻዬን አላየውም» ይልሽ ነበር አልሽ። ይኸው ብቻውን ማየት ጀምሯል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ እንጂ የጓደኛሽ ወሬ አይደለም።

እርግጥ ባልሽም ንጹሕ ነው አልልም። ለምን ስልክ እንደሚያስጠፋ አንድ ቃል ቢያስረዳ ምን ነበረበት? ሰውን በከተማ ጫማ በረዶ ላይ አቁሞ «ቆንጆ አይደለም?» ማለትስ ምን ይሉታል?

ስለዚህ አንድ ቀን ቀድመሽው «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንሄድም?» በይው። ፊቱን እይው፤ ከሰማዩ በፊት። ወፍራም የሱፍ ካልሲና ሰፋ ያለ ቦት ጫማ አድርጊ፤ ጠባብ ጫማ እግር ያደነዝዛል። ሻይ በፔርሙዝ ያዢ። ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ገደማ ነው፤ እስኪመጣ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ሞተር አስነሥታችሁ የምትሞቁ ከሆነ የጭስ ማውጫውን በረዶ እንዳይደፍነው እሱ ወርዶ ይይ፣ ጋዙ ይገድላል። ሚያዝያ አጋማሽ ካለፈ ግን አትልፉ፤ ሌሊቱ እየነጋ ይሄድና እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጨለማ አታገኙም።

ብርሃኑ ከመጣም ጻፊልኝ። ካልመጣም መኪና ውስጥ ምን እንዳወራችሁ ጻፊልኝ።