መሪ ሲዞር የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ»

«አባዬ፣ መኪናችን ለማን አዝና ነው ከንፈሯን የምትመጠው?» አለችኝ የ7 ዓመቷ ልጄ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ስዞር። እውነቷን ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መሪው ቀጥ ሲል ድምፁም ጸጥ። እኔ ከሰማሁት 3 ሳምንት አልፎኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ መድኃኒቴ ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ነበር።

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር ወይም የቅርብ ጊዜ ኮሮላ የምትነዱ ሁሉ ይህ ወሬ ይመለከታችኋል። እነዚህ መኪኖች የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማቸው መኪናውንም ይጎትታል፣ ወደ ግራና ቀኝም ይታጠፋል። ከማርሽ ሳጥኑ ኃይል ይዞ የሚመጣው አክስል እየተሽከረከረ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ጫፉ ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት የሚባለው መገጣጠሚያ ነው። እንደ ትከሻችን አስቡት። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 6 የብረት ኳሶች በግሪስ ተነክረው ይንከባለላሉ፤ ግሪሱን የሚጠብቀው ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ነው። የቀድሞዎቹን ሰማያዊ የላዳ ታክሲዎች ሲነዱ የኖሩ አባቶች ይህን ድምፅ ላያውቁት ይችላሉ። ላዳ የሚገፋው ከኋላ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ሽፋን ነው። ጎማው በዕድሜ ይሰነጠቃል ወይም ድንጋይ ይቀደዋል። ግሪሱ ይረጫል፣ አቧራና ጭቃ ይገባል፣ ኳሶቹ መንገዳቸውን ይበላሉ። «ቀጭ» የሚለው ኳሱ የተበላው ቦታ ላይ ሲዘል ነው። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ሽፋኑ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተቀዶ የቆየ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ቅዳሜ አማቴን ለመጠየቅ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነበረብን። ለማንኛውም ብዬ አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ልጁ ሽፋኑን ገልጦ ግሪስ ጠቀጠቀበትና «አብሽር፣ አለቀ» አለኝ። አላለቀም። ለ4 ቀን ዝም ብሎ ተመለሰ። የተበላ ብረት በግሪስ አይሞላም፤ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ።

በ5ኛው ቀን ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። «ሐረጎን በዚህ ነው የምትወርደው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ምን ያስፈራል? ቢበዛ ቆሞ ይቀርብኛል» አልኳቸው። ሳቁ።

የነገሩኝን ልንገራችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ትንሽ ዝቅ ትላለች። ይህን ሁሉ የምንወርደው 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ ነው። ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ቀንሰን ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝልን እናደርጋለን። ሞተሩ ጎማውን የሚይዘው ግን በዚያው አክስል በኩል ነው። መገጣጠሚያው አንድ ጎን ከተሰበረ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ሁሉ ወደ ተሰበረው ይለቀዋል። ጋዝ ብትረግጡ መኪናው አይሄድም፣ ማርሽ ብትቀንሱ አይያዝም። አውቶማቲኩን ፒ ላይ ብታቆሙትም ቁልቁለት ላይ አይቆምላችሁም። የሚቀረው የእግር ፍሬን፣ የእጅ ፍሬንና ከጎማው ሥር የሚገባ ድንጋይ ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን መንገድ ላይ መቅረት ብቻ ይሆን ነበር። ከኋላ ወንበር 2 ልጆች፣ ከኋላችሁ ደግሞ የጫነ ተሳቢ እያለ ግን አስቡት።

መመርመሩ ቀላል ነው። ከሁሉ አስቀድማችሁ የጎማውን ቡሎኖች አጥብቁ፤ የላላ ቡሎንም ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አደጋውም የባሰ ነው። ጎማው ጥርስ ውስጥ ጠጠር እንዳለም እዩ (በድንጋይ ምክንያት አክስል የቀየረ ሰው አውቃለሁ)። ከዚያ ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ክብ ሥሩ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በኋላ ማርሽ። ድምፁ ከጎማው ፍጥነት ጋር አብሮ ከፈጠነ ጥርጣሬው ሲቪ ጆይንት ላይ ነው። ወደ ግራ ስትዞሩ ከጮኸ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የቀኙ ነው፤ ክብደቱ የሚያርፈው በውጪው ጎማ ላይ ነውና። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ብቻ ከጮኸ ግን የአሞርዛተሩን የላይኛ መቀመጫ አስፈትሹ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚያጉረመርም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታ ነው።

የእኔ የቀኙ ነበር። ሽፋኑ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ የቸርኬው ውስጥ በጥቁር ግሪስ ተለውሷል። መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ ጎንበስ ብል ከወራት በፊት ባየሁት ነበር፤ ያኔ ሽፋንና ግሪስ ብቻ ይበቃኝ ነበር። አሁን የውጪው መገጣጠሚያ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን አስቆጥሩ። የሻንሲ ቁጥራችሁንም አትርሱ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ 2 ቪትዞች እንኳ አክስላቸው ሊለያይ ይችላል። ኤቢኤስ ያለው ከሆነ ጥርሳም ቀለበቱ መኖሩን እዩ። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ የማርሽ ዘይት ሊፈስ ስለሚችል መጠኑን ሳታስለኩ አትንቀሳቀሱ። የመሐሉ ትልቁ ዳዶም በግምት ሳይሆን በሚለካ ቁልፍ ይጥበቅ።

ሽማግሌው ሲጨርሱ ወደ ግራው ጎን ዞረው በባትሪ አበሩልኝ። ሽፋኑ አልተቀደደም፤ እጥፋቱ ላይ ግን መሰነጣጠቅ ጀምሯል። የፊታችን ቅዳሜ ቀጠሮው የእርሱ ነው።